ዝቅ ብሎ የቀረው ማብሪያ

እንግዳዋ ሻንጣዋን እየጎተተች ኮሪደሩ ውስጥ ገባች... ሳታይ እጇን ወደ ታች ሰደደች... ቀጭ!

መብራቱ በራ።

እኔ ከኋላዋ ደርቄ ቀረሁ።

የእኛ ቤት ኮሪደር መስኮት የለውም፤ በቀትርም ጨለማ ነው። ማብሪያው ደግሞ እንደ ሰው ቤት ትከሻ ላይ አይደለም። ታች ነው፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ። ቤታችን የመጣ ሁሉ ግድግዳ ሲዳብስ ኖሯል። እኔ ራሴ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ተራግሜያለሁ።

ይቺ ሴት ግን ቤቴን ረግጣ አታውቅም...

የመጀመሪያዋ እንግዳዬ ነበረች። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆኖታል። ቤቱ ዝም ሲልብኝ የእህቴ ልጅ፣ "አክስቴ፣ አንዱን ክፍል ለእንግዳ አከራዪው። ለሦስት ለአራት ቀን የሚመጡ ሰዎች አሉ። ቢያንስ 'እንደምን አደሩ' የሚልሽ ታገኛለሽ" አለችኝ። ቤቱን ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ያወጣችው እሷው ናት።

"ይሄን የድንክ ማብሪያ ግን ቅዳሜ እናስነሳዋለን" አለች። "እንግዳ በጨለማ ሲዳብስ ውሎ አምስት ኮከብ የሚሰጥሽ መስሎሻል?"

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠርን። እንግዳዋ የመጣችው ሐሙስ ነው።

"ማብሪያውን እንዴት አገኘሽው?" አልኳት።

"እንዲያው... እጄ ሄደ" ብላ ሳቀች።

እሺ አልኩ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ቤቱን ከገዛነው ጀምሮ ይይዛል። እጀታውን ወደ ላይ ካላነሱት አይከፈትም። ላሳያት ብዬ ስከተላት... አንስታ ከፈተችው።

ይሄም እጇ ሄዶ ነው?

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ ሳሎን ቆማ የባለቤቴን ፎቶ ታያለች። ለራሷ የምታወራ ይመስል፣ "ሸብተዋል..." አለች።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ታውቂዋለሽ?"

"ኧረ... ፎቶው ላይ ማለቴ ነው" ብላ ፊቷን አዞረች።

ዕድሜዋን ጠየቅኳት። ሠላሳ ስድስት።

እኛ ከተጋባን ሠላሳ ሁለት ዓመት...

እናንተ አሁን የጠረጠራችሁትን እኔም ጠረጠርኩ። እኛ ልጅ አልወለድንም። እሱ ግን ከእኔ በፊት ወልዶ ይሆን? እኔ ላስተምር ስወጣ ይቺን ልጅ ቤቴ ያመጣት ነበር? ሠላሳ ሁለት ዓመት የማን ሚስት ነበርኩ? የቀብሩ ቀን ያፈሰስኩትን እንባ መልሱልኝ ልል ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛው መሰርሰሪያውን ይዞ ከተፍ አለ። ማብሪያውን ቁጢጥ ብሎ አየና፣ "እትዬ፣ ይሄን ለድመት ነው እንዴ ያሠራችሁት?" አለኝ።

ሳልመልስለት እንግዳዋ ከክፍሏ ወጣች። መጥታ ማብሪያውን ከልላ ቆመች።

"እባክዎ... አያስነሱት።"

በቃኝ!

"በቤቴ ማዘዝ ጀመርሽ? ማነሽ አንቺ? የባሌ ልጅ ነሽ?"

ሠራተኛው መሰርሰሪያውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ "እኔ... ኋላ ልመለስ?" አለ።

"ቁም እዚያው!" አልኩት። ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ።

እንግዳዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ...

"የእሳቸው ልጅ አይደለሁም። የዚህ ቤት ልጅ ነኝ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቤቱን ለባለቤትዎ የሸጠላቸው አባቴ ነው። የተወለድኩት እዚህ ነው። ጨለማ እፈራ ስለነበር መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሁሌ ሰው እቀሰቅስ ነበር። አባቴ ማብሪያውን ነቅሎ በእኔ ቁመት አደረገልኝ። አምና እሱም አረፈ... ኢንተርኔት ላይ ማረፊያ ስፈልግ የዚህን ኮሪደር ፎቶ አየሁ። ማብሪያው እዚያው ነው! 'ቤታችሁን ልየው' ብል ማን ያስገባኛል ብዬ እንደ እንግዳ መጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እውነቷን ነው። ቤቱ ሲገዛ እኔ ሌላ ከተማ ነበር የማስተምረው። ውሉን የጨረሰው እሱ ብቻውን ነው። ሻጩንም ልጁንም አላየሁም።

"የለቀቅን ቀን" አለች፣ "አባቴ 'ማብሪያውን ወደ ቦታው ልመልስልዎ' አላቸው። ባለቤትዎ በርከክ ብለው እኔን እያዩ፣ 'ይተዉት፣ የእኔም ልጅ ይደርስበታል' አሉ።"

ፈገግ ብላ አየችኝ።

"ስንት ልጅ ደረሰበት?"

...

ጎንበስ ብዬ ማብሪያውን ነካሁት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት "ኧረ ከፍ አድርገው" ስለው "ይቆይ" ይለኝ ነበር። ሐኪሞቹ ልጅ እንደማንወልድ ቁርጡን ከነገሩን በኋላም "ይቆይ"። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝም "ይቆይ"። ሰነፍ አልኩት። ግትር አልኩት። በመጨረሻው ዓመት ወገቡን እያመመው፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ያበራው ነበር።

ማብሪያውን ከፍ ማድረግ ለእኔ "ከእንግዲህ ልጅ አይመጣም" ብሎ መንገር ነበር።

ያንን ከሚነግረኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ማጎንበስን መረጠ።

እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ሳማው ሰነበትኩ...

ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። "እትዬ... ታዲያ ላንሳው?"

"ይቆይ" አልኩት።

ወዳጆቼ... አንዳንድ ሰው ፍቅሩን አያወራውም፤ ጎንበስ ብሎ ይኖረዋል። እኔ "ከፍ አድርገው" ብዬ ሺህ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ "ለምን?" ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። አብሯችሁ በሚኖረው ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁት።

በእናንተስ ቤት ሁልጊዜ የምትነጫነጩበት፣ ምክንያቱን ግን ጠይቃችሁ የማታውቁት ነገር ምንድነው? የሚጠየቀው ሰው በሕይወት ካለ... መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፤ ከዚያ መጥታችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።