በእንግሊዝኛ የሚያለቅሱ ልጆች

ሚሶን ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ልጇን ታያለች። ከመስታወቱ ማዶ ሶልቢ ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቷን ገጥማ ተቀምጣ የፈረንጁን መምህር ጥያቄ ትመልሳለች። አጠገቧ ዶጉን የሚባል ልጅ እግሩን ያወዛውዛል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምረው ይህ ትምህርት ቤት የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸው ዛሬ ወደ ቤት ይመለሳል።

"እግሩን አየሽልኝ?" አለች የዶጉን እናት ከጎኗ። "ስንት ጊዜ ነገርኩት! ያንቺዋማ ሐውልት ናት። ምን አብልተሻት ነው?"

"ምንም። ልደቷ ነው ዛሬ፤ የልደት የባሕር አረም ሾርባዋን እንኳ ከለከልኳት።"

"ደግ አደረግሽ! በፈተና ቀን ያን የሚያሟልጭ ነገር የጠጣ ተንሸራቶ ነው የሚወድቀው።"

ጠዋት ሶልቢ "ስድስት ዓመት ሞላኝ እኮ፣ ሾርባዬስ?" ብላ ስታለቅስ ሚሶን መልስ አልሰጠቻትም። ጥያቄው በኮሪያኛ ነበራ። በዚያ ቤት ሕጉ እንዲህ ነው፤ በኮሪያኛ ለጠየቃት ልጅ እናት ደንቆሮ ናት። አማቷ "ይቺን ልጅ ዱዳ ልታደርጊያት ነው" ብለው ሲቆጡ "የእርስዎ ዘመን አልፏል" አለቻቸው። በሆዷ ነው ታዲያ፤ በአፏማ "እሺ እማማ" ነው ያለችው።

ዳይሬክተሯ ከኋላቸው ቆማ ከአንገት በላይ ፈገግ ትላለች። "ጥሩ ትምህርት ቤት በምን ይታወቃል መሰላችሁ?" አለቻቸው። "በፈረንጅ መምህር እንዳትሉኝ። ፈረንጅማ ይሄን የኛን ዴቺ ሰፈር ሞልቶታል። የኛ ልጆች ሲያለቅሱ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው። በፈተናው ላይ አንዲት የኮሪያኛ ቃል ከአፉ የወጣችበት ልጅ፣ በቃ፣ እኔ አላውቀውም።"

ሁለቱም እናቶች ሳቁ። ሚሶን አስበልጣ ሳቀች።

ውስጥ መምህሩ መጫወቻዎቹን ወደ ሣጥኑ እንዲመልሱ ነግሯቸው ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። ሣጥኑ የእንጨት ነው፤ ክዳኑ ከባድ። ዶጉን ክዳኑን ወደ ላይ ይዞ ቆመ፣ ሶልቢ እየለቀመች ታስገባ ጀመር። ጎንበስ ብላ የመጨረሻዋን ስታስቀምጥ የልጁ ክንድ ከዳው። ክዳኑ ወረደ።

የሶልቢ ጣቶች ከሥሩ ቀሩ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ዓይኗ መምህሩን አልፈለገም፤ መስታወቱን አቋርጦ እናቷን ነው የፈለገው። ከንፈሯ ላይ የመጣው ቃል ምን እንደሆነ ሚሶን ሳትሰማው አወቀችው። "ኦማ" ነው፤ እማዬ፤ ከሁሉም ቃል በፊት ያስተማረቻት እሱን ነበር። በሩ እዚሁ አጠገቧ ነው። እጇ ግን ወደ በሩ አልሄደም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ገትራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ሶልቢ አፏን ገጠመች። ፊቷ ደም መሰለ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ ድምፅ ግን ጠብ አላለም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ተረቱን የተረተ ሰው ይቺን ልጅ ቢያያት ምላሱን በቆረጠ።

ዝም ያላለው ዶጉን ነው። "እጇ! እጇ ተያዘ! ኧረ ሰው ይምጣ!" ብሎ ጮኸ፤ ጥርት ባለ ኮሪያኛ። ክዳኑን ሊያነሳ እየታገለ፣ ንፍጡ እየወረደ፣ ደግሞ ጮኸ። መምህሩ ዞሮ አየና ሮጦ ክዳኑን አነሳው።

ከመስታወቱ ወዲህ ዳይሬክተሯ የዶጉንን እናት ትከሻ ቀስ ብላ ነካች። "አዝናለሁ። ለከርሞ ያምጡት።"

"ልጅቷን ለማዳን ብሎ እኮ ነው!"

"አይቻለሁ። ደግ ልጅ ነው። ደግነቱ ግን በኮሪያኛ ነበር።"

ሴትየዋ በሩን በርግዳ ገባችና ልጇን በክንዱ እየጎተተች አወጣችው። "ማን ጠየቀህ? አንተን የሰው ጣት ምን አገባህ?"

"ያማታል እኮ" አለ ዶጉን፣ እየተጎተተም አንገቱን ወደ ሶልቢ አዙሮ።

ሚሶን ጋ ሲደርሱ እናቱ ቆም አለች። "እንኳን ደስ አለሽ፣ የሶልቢ እናት" አለች በዝግታ። "ያደረግሽውን አይቻለሁ።"

ሚሶን ፊቷ ጋለ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ደስ ብሏታል፤ ከሐፍረቱ ይልቅ ደስታው ቀድሞ ደረቷን ሞላው። ቦታው የልጇ ነው።

ሶልቢ ያበጠ እጇን በሌላኛው እጇ ደግፋ ወጣች። ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ዳበሰችላትና በእንግሊዝኛ "ጎበዝ! ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነሽ" አለቻት።

ሚሶን መሬት ላይ ተንበርክካ ልጇን በሁለት እጇ ያዘቻት። ከስንት ወር በኋላ በኮሪያኛ አናገረቻት። "አለቀ፣ የኔ ልጅ። አልፈሻል። አሁን አልቅሺ። ያምሻል አይደል?"

ሶልቢ እናቷን አየቻት። አገጯ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሯ ግን እንደተገጠመ ነው። ከዚያ ቀና ብላ ዳይሬክተሯን አየች፣ ይፈቀድላት እንደሆነ።