የኢንሻራህ ልጅ

ኡስታዝ ነዚር እጅ ላይ የቀረው አንድ ካርቶን ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ጋዛ፣ ዴር አል-በላህ ከተማ ውስጥ ካርቶን ማለት ምሳ ማለት ነው፤ እንጨት ካለቀ ቆይቷል፣ ሰው ሁሉ ምስሩን የሚቀቅለው በእሱ ነው። ቢሆንም የመጠለያው እናቶች የዕርዳታ ካርቶናቸውን ከእሳት አፍ እየነጠቁ አመጡለት፤ እሱም የሞቱ ልጆቻቸውን ፊት በከሰል ሳለበት። አርባ አንድ ፊት ሆነና ትልቁን ድንኳን ዙሪያውን ሞላው። ሐሙስ ጠዋት ጋዜጠኞች መጥተው ኤግዚቢሽኑን ለዓለም ሊያሳዩት ቀጠሮ ይዘዋል።

ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ስም፣ የአባት ስምና ዕድሜ ተጽፏል። ነዚር በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ከጦርነቱ በፊት የሥዕል መምህር ነበር፤ ሰባቱ ተማሪዎቹ አሁን እዚያው ተሰቅለዋል።

«አንድ የሐሰት ፊት ከተገኘብን አርባ አንዱንም ውሸት ነው ይሉናል» ይል ነበር። «ያኔ ልጆቻችንን ሁለት ጊዜ ቀበርናቸው ማለት ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ኢንሻራህ መጣች። ስልሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ከሰሜን በእግሯ ተሰዳ የመጣች ብቸኛ ሴት ናት።

«ልጅ ሳልልኝ» አለችው።

«እሺ አክስቴ። ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አምስት። ስድስትም ይሆናል።»

ዕድሜውን ያምታታባት ሐዘን ነው ብሎ አለፈው። ፎቶ አላት እንዴ? የላትም። ቤቱ ከነፎቶው የወደመበት ሰው ሞልቷልና ይኼም አልገረመው።

መሳል ጀመረ። ሴትዮዋ ግን መቼ ታስቀምጣለች! «ጆሮው እንዲህ አይደለም፣ ወጣ ይበል። ቅንድቡ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለች። የላይኛው የፊት ጥርሱ ወልቆ አዲሱ ብቅ ብሏል። ኧረ አገጩን አሳነስከው!» ነዚር አራት ጊዜ በእጅጌው እያጠፋ አራት ጊዜ ሳለ።

«ዓይኑስ እንዴት ነው? ጥቁር ነው ፈካ ያለ?»



«ጨፍነው» አለች ኢንሻራህ።

«እዚህ ያሉት ሁሉ ዓይናቸው ክፍት ነው አክስቴ። የሚያያቸውን መልሰው ይዩት ብዬ ነው።»

«ይኼን ጨፍነው አልኩህ! ለሐሙስ ይደርሳል? ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል?»

«ይደርሳል፣ ያዩታል። ስሙን ይንገሩኝ።»

«እሱን በመጨረሻ» ብላ ወጣች።

ይኼኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስታዳምጥ የነበረችው ኡም ዋኢል ብድግ አለች። እሷም የልጅ ልጇን ለማሳል ከኢንሻራህ ቀጥሎ ተራ ይዛ ነበር።

«ኡስታዝ፣ የመጨረሻዋን ካርቶን ለማን እንደሰጠህ ታውቃለህ? ሰሜን፣ ቤት ላሂያ ከተማ ሳለን ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነበረች። ወልዳ አታውቅም! ባሏም የፈታት በዚሁ ነው።»

«የዘመድ ልጅ አሳድጋ ይሆናላ።»

«ድመት እንኳ አላሳደገችም! ሁላችንም በበኩር ልጃችን ስም ስንጠራ እሷ ብቻ በስተርጅና ኢንሻራህ ናት፣ እንደ ኮረዳ። አሁን ኡም እገሌ፣ የእገሌ እናት፣ መባል አማራት። በእኛ ልጆች ደም! የእኔ የልጅ ልጅ ሳትሳል ትቅር?»

ነዚር ደሙ ፈላ። ዕድሜውን በግምት የምትናገር፣ የዓይኑን ቀለም የማታውቅ እናት! ምን ያለሁ ጅል ነኝ አለ። ውሸቷ ድንኳኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓለም ቢያየውስ? አርባ አንዱን ይዞ ገደል ሊገባ ነበር እኮ።

ረቡዕ ስትመጣ ሥዕሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። እርስዎ ማለቱን ትቶታል።

«ልጁ ምን ይወድ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ሲስቅስ እንዴት ነበር?»

«አላውቅም ኡስታዝ።»

«ለመሆኑ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ኡም ዋኢል የውሃ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች።

«አልወለድኩም» አለች ኢንሻራህ። «አላህ አልሰጠኝም።»

«ታዲያ ሐፍረት የለሽም? ልጃቸው በእጃቸው ላይ የሞተባቸው እናቶች ፊት?» ብሎ እጅጌውን ጨበጠና ሥዕሉ ላይ አሳረፈው።

ኢንሻራህ እግሩ ሥር ተደፋች፤ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«አታጥፋው! በአላህ ይዤሃለሁ፣ አታጥፋው! መልኩ እየጠፋብኝ ነው። ትናንት ጆሮውን ለማስታወስ ስንት ሰዓት ፈጀብኝ። እኔ ከረሳሁት አለቀለት፣ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ነገ ይሰቀልልኝና ግደሉኝ!»

«ምስኪን፣ አብዳለች» አለች አንዷ።

ነዚር እጁን አነሳ እንጂ ልቡ አልራራም። ከሰሉን ከሥዕሉ ሥር፣ ስም ከሚጻፍበት ቦታ አስጠጋ።

«እንግዲያው እነዚህ ሁሉ እየሰሙሽ ተናገሪ። የማን ልጅ ነው? እውነቱን ካልነገርሽኝ አሁኑኑ አጥፍቼ ለኡም ዋኢል እስልበታለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ኢንሻራህ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ አንድም ቃል ሳይቀንስ እንዲጽፍ ለመነችው።

«‹የዚህ ልጅ እናት ሆይ፣ ኑሴይራት መንገድ ዳር ብቻውን ወድቆ አገኘሁት፤ በሻሼ ጠቅልዬ የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ በሕይወት ካለሽ ነይ፣ መቃብሩን አሳይሻለሁ› ብለህ ጻፍ።»