የኢልሀም ዋይፋይ

ፕሮግራሙ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተላከ ሥራው የለም። ትህትና ትናንት ወግዲ ለቅሶ ደርሳ መሽቶባት ስለተመለሰች የቀራት ዛሬ ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምራ እንደተጣደ ውሃ ትንተከተካለች።

የአዲስ አበባው ድርጅት የሚቀጥረው አንድ ሰው ነው። ፈተናው ስማርት ኮንትራት መጻፍ ነው፤ ገዥና ሻጭ የተስማሙበትን በራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም። መጀመሪያ ግን ፓኬጅ የሚሏቸውን መሣሪያዎች ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ያስፈልጋል። እነሱ ደግሞ እምቢ አሉ። አጥፍታ ጫነች። ሌላ ቨርዥን ሞከረች። ወይ ፍንክች!

አባቷ አቶ አራጌ ወንበር ላይ ወጥተው የግድግዳውን ሰዓት ያስተካክላሉ። ከመዝገብ ቤት ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የተዛባ ነገር አይተው ማለፍ አልሆነላቸውም።

«አብሽሪ ልጄ፣ ይሠራል» አሏት።

ቀዩ የስህተት ጽሑፍ ድረ ገጹ እውነተኛነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም ይላል። ጊዜው ገና የሆነ ሰርተፍኬት ደግሞ የት አለ? መሐል ገብቶ የውሸት ሰርተፍኬት የሚያቀብል ሰው ቢኖር ነው እንጂ! ዋይፋዩ የጎረቤቷ የኢልሀም ነው። ኢልሀም አብሮ አደጓ ናት፤ ለዚሁ ሥራም ተወዳድራለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«ኢልሀም! ያንቺ ተጫነ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጨርሼ ልኬያለሁ። ያንቺስ?»

«በአንድ ዋይፋይ ላንቺ ሠርቶ ለኔ የሚከለክለው ማን ነው?»

ኢልሀም ነገሩ ቆይቶ ገባት። ፊቷ ዳመነ።

«ወላሂ ምንም አልነካሁም! ነይ፣ በኔ ኮምፒውተር ሥሪ።»

«የምጽፈውን ልታበላሺብኝ? ምቀኛ!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ትህትና ራሷ ደነገጠች። ግን ይቅርታ አልጠየቀችም። ኢልሀም ዕንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ዋይፋዩ ጠፋ።

«አላልኩም?» አለች ትህትና ለራሷ።

ፀሐይ ጠለቀች። ሥራው ሄደ። ትህትና ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ከሥራው ይልቅ ያንገበገባት የአብሮ አደጓ ክህደት ነበር።

አቶ አራጌ አጠገቧ ተቀምጠው ትከሻዋን ዳበሷት።

«በኮምፒውተሩስ አትማረሪ» አሏት፤ «እሱ እንኳ ዓመተ ምሕረቱን ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ብሎ አሳስቶ አግኝቼው፣ ትናንት ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ብዬ አስተካክዬልሻለሁ።»