«የልጆቼ እናት» ትደውላለች

ባሌ ካንሰር እንዳለበት ከእኔ ቀድማ የሰማችው የድሮ ሚስቱ ናት። ራሱ ነው የነገራት። ለእኔ የነገረኝ ዛሬ ነው፤ ያውም ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ደንበኛዬ ሱሪዋን እየለካች።

«ዶክተሩ ሚስትህን ይዘህ ና ብሎኛል» አለኝ።

«ታዲያ እሷን አትወስድም?»

«አንቺ ደግሞ! ተመርመር ብላ የጨቀጨቀችኝ እሷ ናት። ውጤቱን ስትጠይቀኝ ልዋሻት?»

እኔ ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለስ እያየሁ ዓመት ሙሉ ሐኪም ጋ ሂድ ስለው፣ «ሽማግሌ ሁሉ ይመላለሳል» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። እሷ ደወለችና ሄደ።

ሴትየዋን ሱሪዋ ላይ መርፌ እንደሰካሁባት ጥያት ሐኪም ቤት መጣሁ። ሜትሬም አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ዶክተሩ ልጅ እግር ነው። ወረቀት ላይ የሽንት ፊኛውን ሳለ፤ ከስሩ ደግሞ ካንሰሩ ያለባትን፣ ፕሮስቴት የሚሏትን ዕጢ።

«ከናሙናው እንዳየነው ገና ትንሽ ነው፤ የሚቸኩልም አይመስልም» አለ። «አንዱ መንገድ ሳንነካው መከታተል ነው። በየጊዜው እየመጡ ደም ይሰጣሉ፣ እናያለን። ሌላው ኦፕሬሽን ወይም ጨረር ነው። እነሱ ግን ሽንት መቆጣጠር ላይም፣ የመኝታ ጉዳይ ላይም ጣጣ ሊያመጡ ይችላሉ።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ሙሽራ ነኝ» አለ ባሌ።

በጠረጴዛው ስር ረገጥኩት። ግን እኔም የፈለግኩት ያንኑ ነው። ፀጉሩን ሌላዋ ጨርሳዋለች፤ ጉልበቱንም፣ ጥርሱንም። ለእኔ የተረፈችኝ ይቺው ናት። እሷንም ቢላዋ ይውሰዳት?

«በቤተሰብ አለ? አባትዎ፣ ወንድምዎ?»

«ኧረ የለም። አባቴ በእርጅና ነው የሞተው።»

«ጥሩ። ቢኖር ኖሮ መጠበቁን እንደገና እናስብበት ነበር።»

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። እንድይዝለት ሰጥቶኝ ነው። አየሁት፤ «የልጆቼ እናት» ይላል። እኔ እዚሁ ስልክ ላይ እስከ ዛሬ «ልብስ ሰፊዋ» ነኝ። ኮት ሊያሰፋ የመጣ ጊዜ እንደመዘገበኝ ቀረሁ።

ልዘጋው ነበር። ልክ ልኳን ልነግራት አማረኝና ይዤው ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ምን ፈለግሽ?»

«አንቺ ነሽ? እሰይ፣ አንቺ ማንሳትሽ ይሻላል» አለች። ድምጿ እንኳን አያስጠላም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። «ዶክተሩ ጋ ገባችሁ?»

«ምን አገባሽ?»

«ስድቡን በኋላ ትሰድቢኛለሽ። የአባቱን ነገር ንገሩት። ሽማግሌውን የገደላቸው ይሄው በሽታ ነው። አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነው የሞቱት።»

«በእርጅና ነው ብሏል።»

«እሱ ምን ያውቃል? ሹፌር አይደል፣ መኪናው ላይ ነበር፤ መቼ ቤት ያድር ነበርና? ሐኪም ቤት ያመላለስኳቸው እኔ ነኝ። ያገላበጥኳቸው፣ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ልጄ ይሄን ነውሬን እንዳይሰማ ብለው አስማሉኝ። ማልኩላቸው። ተመርመር ያልኩትም ለዚሁ ነው። ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። አሁን ግን በቃኝ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የባሌን ትከሻ፣ የክንዱን ርዝመት፣ የወገቡን ልክ ሳልለካ አውቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ኮት ልቆርጥለት እችላለሁ። አማቴን ግን በፎቶ እንኳን አላየኋቸውም። እሷ ገላቸውን አጥባለች።

ምነው እኔ ባጠብኳቸው አልኩ። እንዲህም ያስቀናል?

በሩ ገርበብ ብሏል። «እንጠብቃለን በቃ» ይላል ባሌ፣ እየሳቀ። «እሷም ደስ ይላታል።» እኔን ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፣ ደስ ይለኛል። ዶክተሩ እየጻፈ ነው።

«ሄሎ?» አለችኝ። «አለሽ?»

አውራ ጣቴ መዝጊያው ቀዩ ምልክት ላይ ነው።

«ሄሎ? እህቴ?»

ሜትሩን ከአንገቴ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ገባሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩና ጠረጴዛው ላይ፣ የሳላት ዕጢ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ንገሪው» አልኳት።