የኦቦ ዋቅቶላ የወይራ ዱላ

ሸነን ውስጥ እንደ ኦቦ ዋቅቶላ ፕላስቲክ የሚጠላ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ላማቸው ፌስታል በልታ ከሞተች ወዲህ ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ሁሉ በወይራ ዱላቸው እያባረሩ ይቀጠቅጣሉ። አንዱን እስከ ባኮ አሳደዱት፤ እዚያ ሲደርሱ ፌስታሉ ደክሞት ቁጭ አለ የሚሉም አሉ።

ታዲያ ያ ዱላ ድንጋይ አገኘውና ከወገቡ ቀጭ አለ። በማግስቱ ደግሞ ከዋርካው ስር በግጦሽ የተጣሉ ጎረቤታሞችን ሊዳኙ ነው። የአባት ዱላ በሌላ አይተካም፤ ዱላው የተሰበረበት ሽማግሌም በዚያ አገር ከዳኞች ተርታ አይቀመጥም፤ ቦታውን ለተረኛ ይለቃል። ተረኛው ፉፋ ነው። ኦቦ ዋቅቶላ ካስነጠሱ እንኳ መቀመጫ ሊይዝ የሚንደረደር ሰው!

ልጃቸው ለንሳ አምቦ በቤተ ሙከራ ትሠራለች። ሥራዋ ማጋባት ነው፤ የወተት ፕሮቲንን ከፕላስቲክ ጋር አጋብታ ሙጫ ታወጣለች። ለበዓል ስትመጣ አንድ ብልቃጥ ይዛ ነበር።

«አባ፣ ስጡኝ ልጠግነው። ለቁስል መግጠሚያ የሠራሁት ነው፤ ለዱላም አያንስም።»

«ኢንተላኮ፣ ልጄ ስልሽ እውነት ልጄ ነሽ ወይስ ጠላቴ? ላሜን የገደላትን ለወተቷ ዳርሽው?» አሉና ደጅ ወጥተው ጮኹ። «ፕላስቲክ ዱላዬን ከነካ ከዋርካው ስር ተነስቼ እሄዳለሁ! ጎረቤት ይስማ!»

ጎረቤት ሰማ። ፉፋማ ከሁሉ ቀድሞ ሰማ።

በማግስቱ ኦቦ ዋቅቶላ ደረታቸውን ነፍተው ዋርካው ስር ደረሱ። ዱላቸው ቀጥ ብሏል። ሁሉንም በትከሻ ሰላም አሉ። ጭኮ ሲዞር «ሳልፈርድ አልቀምስም» ብለው መለሱ።

ፉፋ ብድግ አለ። «ትናንት ሁለት የነበረ ዱላ ዛሬ አንድ ሆኗል! ይቺ ልጅ በድብቅ አጣብቃዋለች!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ለንሳ ዞረ።

«እናቴን! እጄ አልነካውም» አለች። ፊቷ ግን ቲማቲም መስሏል። ጠዋት ባዶ ብልቃጥ ስታጥብ ያዩዋት ሴቶች ተጠቃቀሱ።

«እንግዲያው አምጣው፣ ስብራቱን እንየው!» አለ ፉፋ።

ኦቦ ዋቅቶላ ሳቁ። «የአባቴን ዱላ ከእጄ የሚያስለቅቅ ገና አልተወለደም! ወንድ ከሆንክ ውሰድ!»

ፉፋ ያዘ። ጎተተ። እግሩን ግንዱ ላይ ተክሎ ጎተተ፤ ዋርካው ሲነቃነቅ ጦጣዎቹ ሌላ ዛፍ ሊከራዩ ወረዱ። ጎረምሶች የፉፋን ወገብ ይዘው አገዙት። ኦቦ ዋቅቶላ አቧራ ላይ እየተንፏቀቁ ዋርካውን ዞሩት እንጂ ዱላቸውን አልለቀቁም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንኳ «ጎትት! ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ይሉ ነበር።

«በዚህ ዕድሜ ይህ ክንድ!» አለ ሕዝቡ። ዱላውን እንዲህ የሚጠብቅ መቀመጫውም የእሱ ነው ተባለ። ፉፋ ሱሪውን አራግፎ ከኋላ ተቀመጠ።

ኦቦ ዋቅቶላ ግጦሹን ፈረዱ፤ ዱላቸውን ወደ ሰማይ አንስተው መረቁ። «እምቢ ማለት የሚያውቅ ሰው አይጥፋ!» አሉ። ሕዝቡም «አሜን» አለ።

ቤት ሲገቡ በሩን ዘጉና ዱላቸውን እንደያዙ ከለንሳ አጠገብ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኢንተላኮ፣ ይህ ሙጫሽ… ከሰው መዳፍ በምንድን ነው የሚላቀቀው?»