ሦስተኛው ሞክሼ

ጣሊያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ በወንድሙ ላይ ሞት የፈረዱትን የጎንደር ዳኛ ሊገድል የማለው ሽፍታ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አያውቅም ነበር። በአንድ ሳምንት አዘዞ ላይ ቀኛዝማች ቢያዝንን፣ ኮላ ድባ ላይ መሪጌታ ቢያዝንን ደረታቸውን ብሎ ጣላቸው።

ዳኛው ግራዝማች ቢያዝን ከሚስታቸው ከሐረገወይን ጋር ለመሪጌታው ለቅሶ ቆሙ።

«ምነው ግራዝማች፣ የእርስዎን ጥይት ለቀመሰው ሊያለቅሱ መጡ?» አለች አልቃሿ ትርንጎ።

«ሞክሼዬ አይደል? አንቺ ሙሾሽን አውርጂ!»

እንደ ወጉ፣ ደም የነካው የሟቹ ካፖርት በእንጨት ተሰቅሎ ወጣ። ሐረገወይን የደረቱን ቁልፍ ነካች፤ በቀይ ክር ተተክሏል።

«ይህን ዛሬ ጧት በእርስዎ ካፖርት ላይ የተከልሁት እኔ ነኝ» አለች ባሏን።

ግራዝማች ወደ ደረታቸው አዩ። ካፖርታቸውን ለብሰውታል፤ ቀዩ ክርም በቦታው አለ። ከሥሩ ግን ቀዳዳ ነበረ፤ ደም ይወርድበታል።

ተኩሱ ገና አልተሰማም።