አራተኛው ቡሎን

ሦስተኛውን ቡሎን በጣቴ ይዤ አዞራለሁ። መፍቻ እንኳ አላስፈለገውም፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይዞራል። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ከመሪው ሥር አስገብቼ፣ ትንሿን ባትሪ በጥርሴ ነክሻለሁ።

የመሪው ዘንግ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለው ብረት ጋር የሚታሰረው በአራት ቡሎኖች ነው። አራቱም ላልተዋል። በሦስት ወር ውስጥ ሲላሉ ይሄ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው።

«መንገዱ ነው አልኩሽ» አለ አባቴ። የመኪናውን በር ተደግፎ ቆሟል። «መንገድ መች አለና! ጉድጓዱን በአስፋልት አጥረውት ነው እንጂ።»

«ጋሼ፣ ይቺ መኪናዎ እንደ ኩርፈኛ ሙሽራ ሆነች እኮ» አለ ከወዲያ ጥግ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ባልደረባዬ፤ ላሜራ ነው የምንለው። «አስታርቀን በሸኘናት በወሩ ከች!»

«አንተ ዝም ብለህ ቆርቆሮህን ቀጥቅጥ» አለው አባቴ።

መኪናዋ እኔን በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባቴ አሥራ አንድ ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርስባታል፣ ከሰዓት ይመልስባታል። ነገ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ቦርሳዋን አዝላ ደጃፏ ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን አርፍዶባት አያውቅም። ይሄን ለሰው ሁሉ ይናገራል።

ብረቱን በባትሪው አየሁት። ባለፈው ልብ አላልኩም፤ ቡሎኖቹን አጥብቄ፣ ማጣበቂያ ቀብቼ፣ መንገዱን ረግሜ ነበር የሸኘሁት። መንገድ ያላላው ብረት ዙሪያውን እኩል ነው የሚላላው። ይሄ ግን ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ወደ ታች፣ ወደ በሩ። ቀዳዳዎቹም በዚያው በኩል ተበልተው ሞላላ ሆነዋል። አንድ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ መላ ክብደቱን መሪው ላይ ሲያንጠለጥል እንዲህ ይሆናል።

ባትሪውን ከአፌ አወጣሁ። «አባዬ፣ ስትወርድ ምን ይዘህ ነው የምትወርደው?»

«ምን እይዛለሁ? ምሳ ዕቃዬን።»

ላሜራ ሳቀ። ከተኛሁበት የአባቴ ጫማዎች ይታዩኛል። የግራው ደህና ነው። የቀኙ አፍንጫ ግን ተፍቆ ነጥቷል።

ብረቱን ፈትቼ ለላሜራ ሰጠሁት፤ ቀጥቅጦ አቃናው፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ሞልቶ እንደገና በሳው። መልሼ ገጠምኩት። ሦስት አዲስ ቡሎን አጠበቅሁ። አራተኛው ጋ ስደርስ የፍሬን መብራቱ ሽቦ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፤ ስፈታታ ወልቆ ነው። ቦታው መለስኩት።

«አባዬ፣ ግባና ፍሬን ርገጥልኝ። ላሜራ፣ የኋላውን መብራት እይ።»

አባቴ በሩን ይዞ በወገቡ ገባ። ግራ እግሩ ተከተለው። ቀኙን የሱሪውን ጉልበት ጨብጦ፣ ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው አንሥቶ አስገባው። በሩ ሥር ተንበርክኬ አንገቴን ከመሪው በታች ሰደድኩ።

«ርገጥ።»

«ረገጥኩ።»

«አልበራም!» አለ ላሜራ ከኋላ።

«ጠበቅ አድርገህ፣ አባዬ።»

«ረግጫለሁ እኮ! ከዚህ በላይ ወለሉን ልብሳው?»

«አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል» አለ ላሜራ።

ባትሪውን ወደ ታች አበራሁ። የአባቴ እግር ከፍሬኑ አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ ነው። ባለ በሌለ ኃይሉ ወለሉን ተጭኖ ይንቀጠቀጣል።

ፊቱን ቀና ብዬ አላየሁም። ፍሬኑን በመዳፌ ተጫንኩት።

«በራ!»

«አላልኳችሁም?» አለ አባቴ።

እጄን አላነሣሁም። አባቴ ጎንበስ አለ፤ መጀመሪያ እጄን አየ፣ ቀጥሎ እግሩን። ትንፋሹ ፀጉሬ ላይ ቆመ።

«ደንዝዞ ነው» አለ፣ ላሜራ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲሞቅ ይለቀኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

አራተኛውን ቡሎን አስገባሁ። በጣቴ አስያዝኩት፣ ከዚያ በመፍቻው፣ ከዚያ በሙሉ ክንዴ። አባቴ ከበላዬ ተቀምጦ እንደ ልጅ ይጠብቃል። ስጨርስ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅኩት። ንቅንቅ አላለም።

ከበሩ ዞር አልኩለት። ሊወርድ መሪውን ጨበጠ፣ ሳበ። መሪው እንደ ወትሮው ዘንበል ብሎ አልተቀበለውም። ግማሽ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ። እንደገና ሳበ።

«አጥብቀሽዋል» አለ።

በላዩ ተንጠራርቼ ቁልፉን ነቀልኩ። የተንጠለጠለበት ክር በእጁ ንክኪ ጠቁሯል። አልከለከለኝም።

ግድግዳችን ላይ ሁለት ሚስማር አለ፤ አንዱ ላለቁ መኪኖች፣ አንዱ ላላለቁት። ላሜራ እጁን እየጠረገ መጣ። «አለቀች አይደል? ነገ በጠዋት ልጆቹን ይጭኑባታል በይኛ።»

«አላለቀችም።»

«ምን ቀራት?»

ቁልፉን ካላለቁት ጋር ሰቀልኩት። ላሜራ ወደ መኪናዋ ዞሮ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

«ትንሿ ልጅ ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቃለች» አለ አባቴ ከመኪናው ውስጥ። ሁለቱም እጆቹ አሁንም መሪው ላይ ናቸው። «ከእኔ በቀር ከማንም ጋር አትገባም።»

መፍቻውን በጨርቅ ጠርጌ ሳጥኑ ውስጥ፣ ቦታው ላይ አጋደምኩት። ከዚያ አባቴን ላወርደው ሄድኩ።